በጠብታ የተለካው መንገድ

ሠረገላው የሴረም ቤቱን የብረት በር አልፎ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ የልጅቷ ሙቀት ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት ነበር። የልብ ምቷ ፈጣን ቢሆንም አልተዛባም። ግራ ቶንሲሏን ግራጫ ሽፋን ለብሶታል፤ ቀኙ ገና ንጹሕ ነው። ከንፈሯ ቀይ ነው። ትንፋሽ ስትስብ ከአንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ በትንሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ስታስወጣ ግን ድምፅ የለውም። ነርሷ ይህን ሁሉ ከቤት ሳይወጡ አይታ ለዶክተሩ ነግራቸዋለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ቢኖር የሚመዘነው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሁለት ፈረሶች ይጎትታሉ፤ ዳማውና ቦራው። ልጓሙን የያዘው የሴረም ቤቱ ባልደራስ፣ የፈረሶቹ ኃላፊ፣ የልጅቷ አባት ነው። ከኋላ፣ በሸራው ጣሪያ ሥር፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ በቀጭን ፍራሽ ላይ ተኝታለች። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት የግቢው ሰው ሁሉ «ፌንጣ» ይላታል። ዛሬ ግን ተኝታለች። እናቷ አራስ ስለሆነች ከሕፃኑ ጋር ቤት ቀርታለች።

ዶክተሩና ነርሷ አፍና አፍንጫቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከልጅቷ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው በሰጋቱራ የተሞላ ሣጥን አለ። በሰጋቱራው ውስጥ በረዶ፣ በበረዶው ውስጥ አንገታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር የታሰረባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች።

ዶክተሩ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ሻምበል ሆነው የወጡ ሰው ናቸው። ባልደራሱም ያን ጊዜ አሥር አለቃቸው ነበር፤ ሁለቱም የደንብ ልብሳቸውን ካወለቁ ዓመታት ቢያልፉም በማዕረግ መጠራራቱን አልተዉትም። የበረቱ ሠራተኞች በበኩላቸው ዶክተሩን ከጀርባቸው «ሻምበል ጠብታ» ይሏቸዋል፤ ውሃ እንኳ ሲጠጡ በጠብታ ይለካሉ እያሉ።

«አሥር አለቃ!» አሉ ዶክተሩ ወደ ፊት ጮክ ብለው። «ቁም ስልህ ትቆማለህ፣ ሂድ ስልህ ትሄዳለህ።»

«ጌታዬ ሻምበል፣ እንዲሁ በእርጋታ ብነዳ እስከ ከተማ አራት ሰዓት ነው። ብለቃቸው ግን ሦስትም አይሞላ።»

«ልቀቃቸው አላልኩህም።»

በባልደራሱ ግራ ክንድ ላይ ሲባጎ ታስሯል፤ የሲባጎው ሌላ ጫፍ ከነርሷ ጣት ላይ ተጠምጥሟል። አንዴ ሲሳብ መቆም፣ ሁለቴ ሲሳብ መሄድ። የመንኮራኩሩ ጩኸት ድምፅ ስለሚውጥ ነርሷ ያመጣችው ዘዴ ነው።

ፌንጣ ሲባጎውን በዓይኗ ተከትላ ሄደችና በጎረነነ ድምፅ «አባዬ ዛሬ ፈረስ ሆነ» አለች።

«ደህና ፈረስ ነው» አለች ነርሷ። «አይራገጥም።»

«ያኮርፋል ግን።»

የሴረም ቤቱ ሥራ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ፣ ሐኪሞቹ ዲፍቴሪያ የሚሉት፣ በጉሮሮ ተቀምጦ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በደም ሄዶ ልብን ይመታል። በሴረም ቤቱ ያን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረሶች ይወጓቸዋል። ፈረሱ አይሞትም፤ ገላው ማርከሻ ያበጃል። ከዚያ ከአንገቱ ደም ይቀዳል፣ ደሙ ይረጋል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው እንደ ማር ወለላ የጠራ ፈሳሽ ይወሰዳል። ሴረም ማለት ያ ነው። በጊዜ የተወጋ ልጅ ይድናል። ስንቱ ድኗል።

ችግሩ ሌላ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ወረርሽኙ ከተማውን ሲያስጨንቅ የሴረም ቤቱ ሠራተኞች ልጆቻቸውን አሰልፈው፣ ሳይታመሙ፣ ለጥንቃቄ ሲሉ አስወጉ። ማድ ቤት የሚያድር ሰው አይራብም እንደሚባለው ነው። ባልደራሱም ፌንጣን በትከሻው ተሸክሞ ከሰልፉ ፊት ቆመ፤ «የኔ ልጅ ከንጉሥ ልጅ በፊት ተወጋች» እያለ ስንት ወር ተኩራራ። ያን ጊዜ የገባው የፈረስ ሴረም ለጥቂት ሳምንታት ጠብቋት ከገላዋ ወጣ። ትዝታው ግን አልወጣም። በዓመቱ ከተሰለፉት አንዱን፣ የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ በሽታው ሲይዘው ዶክተሩ ያንኑ ሴረም ደግመው ሰጡት፤ ልጁ መርፌው ከሳህኑ ላይ ሳይቀመጥ ታፍኖ ሞተ። የገደለው በሽታው አልነበረም። ያኔ ይህን የሚያውቅ ሐኪም በአገሩ አልነበረም። ዛሬ ዶክተሩ ያውቃሉ፤ በመላው አገሩ ሁለተኛው መርፌ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋቸው የገዛ ግቢያቸው ልጆች መሆናቸውንም ያውቃሉ።

ጉዞውም የተወሰነው በዚህ ነው። ሴረሙን በአንድ ጊዜ መስጠት አይቻልም፤ በጥቂት በጥቂቱ ለመስጠት ሰዓታት ያስፈልጋል። በነዚያ ሰዓታት ውስጥ ጉሮሮዋ ቢዘጋ ደግሞ አንገቷን ከፍቶ ቱቦ የሚያስገባ ሰው የግድ ነው፤ እሱ ያለው ከተማው ሆስፒታል ነው። «እኔ የፈረስ አንገት እንጂ የልጅ አንገት አልከፍትም» ነበር ያሉት ዶክተሩ። ለቀዶ ሐኪሙ ቴሌግራም መቱና መርፌውን መንገድ ላይ ለመስጠት ወሰኑ።

ነርሷ ሲባጎውን አንዴ ሳበች።

መጀመሪያ የቆሙት ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ነበር። ነርሷ የአልኮል መብራቱን ለኩሳ መርፌውን ቀቀለች። ነጭ ክር የታሰረበት ጠርሙስ ወጣ፤ በውስጡ በጨው ውሃ እጅግ የቀጠነ ሴረም አለ። ዶክተሩ የብርጭቆውን ስሪንጅ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩትና በልጅቷ ክንድ ቆዳ ሥር አንዲት ጠብታ አስገቡ።

ባልደራሱ ከመቀመጫው ዞሮ ያያል። «አለቀ? ይቺ ለቁንጫ እንኳ አትበቃም።»

«ለቁንጫ አልሰጠሁም» አሉ ዶክተሩ ሰዓታቸውን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ። «ይልቅ ዝም በልና ፈረሶችህን ያዝ።»

ትንፋሿን አዳመጡ። ክንዷን አዩ። የተለወጠ ነገር አልነበረም። ነርሷ ሲባጎውን ሁለቴ ሳበች።

ሁለተኛው መርፌ ቢጫ ክር ካለው ጠርሙስ ነበር፤ ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ይወፍራል። አሁን ባልደራሱ ወርዶ ከሠረገላው ጎን ቆመ። ጢሙን እየጎተተ፣ «ጌታዬ ሻምበል፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ያው ሴረም አይደለም እንዴ? በአንዴ ገባ፣ በአሥር ጊዜ ገባ፣ ምን ለውጥ አለው?»

ዶክተሩ ዓይናቸውን ከልጅቷ ክንድ ላይ ሳያነሡ መለሱለት። «ገላዋ የፈረስ ሴረም አንድ ጊዜ አይቷል። አልረሳውም። ሌባ ብሎ ይዞታል። ዛሬ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ብናስገባው ዘበኛው ሁሉ በአንድ ላይ ይነሣና ሌባ እይዛለሁ ብሎ ቤቱን ያፈርሰዋል።»

«እሺ።»

«አንድ አንድ እያልን ብናስገባ ግን ዘበኛው አንዱን ይይዛል፣ ይደክመዋል። ሌላውን ይይዛል፣ ይደክመዋል። ዋናው ሲገባ የሚነሣ አይኖርም።»

«እነዚህን ዘበኞች አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«አላየኋቸውም። ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚያድሩም አላውቅም። አንድ ቀን የሚያይ ሰው ይመጣል። እኔ ያየሁት በላቦራቶሪው የምንሞክርባቸውን የጊኒ አሳማዎች ነው። በአንዴ የተሰጣቸው ሞቱ፣ በጥቂት በጥቂቱ የተሰጣቸው ሣር ይበላሉ። እሷም አብራኝ አይታለች።»

ባልደራሱ ነርሷን አያት። «እውነት ነው፣ እህት ዓለም?»

«እኔ ነኝ ሣሩን የማበላቸው» አለች ነርሷ። «ወፍረዋል።»

ፌንጣ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ባልደራሱ ወደ መቀመጫው ወጣ።

ለሦስተኛ ጊዜ የቆሙት ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር። ከውሃው ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነሣል። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ መብራቱን ከነፋሱ ትከልላለች፤ ዶክተሩ አረንጓዴ ክር ያለውን ጠርሙስ ከበረዶው ውስጥ ይፈልጋሉ። ባልደራሱ ልጁ ስትንቀጠቀጥ አየ። ከመቀመጫው ሥር በሥርዓት የታጠፈ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አወጣና እስከ አገጯ ድረስ አለበሳት፤ ጠርዙን በእጆቿ ሥር ወሸቀላት። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ፈረሶቹ ተመለሰ። መርፌው ተሰጠ። ጊዜው ተጠበቀ። ክንዷ ደህና ነው። ሲባጎው ሁለቴ ተሳበ።

ብዙም ሳይሄዱ ፌንጣ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። አስነጠሳት፤ ደገማት። ከዚያ ነርሷ፣ ልጅቷ ትንፋሽ ስታስወጣ፣ ቀጭን ፉጨት ሰማች፤ ጠዋት ያልነበረ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየቻት። አገጯ ሥር ሳማ የለበለበው ይመስል ያበጡ፣ መሃላቸው የነጣ፣ ዙሪያቸው የቀላ እብጠቶች ወጥተዋል። ሲባጎውን በኃይል ሳበች።

ዶክተሩ የልጅቷን አንገት አዩ። የልብስ ሰፊውም ልጅ እንዲህ ነበር የጀመረው። «በቃ!» አሉ። «ሕጋችን ሕግ ነው። ምልክት ከታየ ሴረሙ ለዛሬ ይቆማል።» እጃቸው ትንፋሽ ወደሚከፍተው መድኃኒት፣ ወደ አድሬናሊኑ ብልቃጥ ሄደ።

ነርሷም ይህን ሕግ ታውቃለች፤ አብረው ነው ያወጡት። ግን ለዛሬ ይቆማል ማለት ምን እንደሆነም ታውቃለች። ግራጫው ሽፋን ጠዋት ያልነካውን ቀኝ ቶንሲል አሁን መንካት ጀምሯል። መርዙ እስከ ነገ አይጠብቅም።

ባልደራሱ ከኋላ መጥቶ ሸራውን ገልጦ ቆሟል። «ምን ሆነች? ፌንጣዬ! ምን አደረጋችኋት?»

«ዶክተር፣ አድሬናሊኑን ይቅዱት እንጂ ገና አይስጡት» አለች ነርሷ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሰጧት ይሻላታል። ግን ምን እንደነካት ሳናውቅ እንቀራለን። ከንፈሯ ቀይ ነው፤ የልብ ምቷም ጥሩ ነው። ክንዷን ይዩ።»

ዶክተሩ አድሬናሊኑን ቀድተው መርፌውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው እንደገና የጥንቱ፣ የላቦራቶሪው ድምፅ ነበር። «እብጠቱ ከየት ጀመረ?»

«ከአገጯ። ከዚያ ጉንጯ። ከዚያ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቿ።»

«መርፌው ያረፈበትስ?»

«ሦስት ነጥብ ብቻ። እብጠት የለም።»

«ሴረሙ ቢሆን መጀመሪያ የሚያብጠው መርፌው ያረፈበት ነበር።» የልጅቷን ቀሚስ ከደረቷ ገለጥ አደረጉ። ንጹሕ ነው። የእግር ሹራቧን ዝቅ አድርገው እግሯን አዩ። ንጹሕ ነው። ያበጠው ባዶ ገላዋን የብርድ ልብሱ ጠርዝ የነካው ቦታ ብቻ ነበር። ሱፉን በሁለት ጣት አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። አጫጭር የፈረስ ፀጉሮች ተሰክተውበታል።

«አሥር አለቃ፣ ይህ የማን ነው?»

«የቦራው ነው ጌታዬ! ንጹሕ ነው፤ ትናንት አራግፌዋለሁ። ከግቢው ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው።»

«ፌንጣ በረት ስትገባ ምን ትሆናለች?» ብላ ጠየቀች ነርሷ።

ባልደራሱ ግራ ተጋባ። «ታስነጥሳለች። ዓይኗ ይቀላል። እበት ላለመጥረግ የምታመጣው ተንኰል ነው ብዬ...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ላይ ታየ። «ከ... ከዚያ መርፌ በፊት እኮ ከዳማው ሥር ነበር የምትተኛው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ዶክተሩ።

«ስለ ጉንፋን ለሻምበል ይነገራል እንዴ?»

«እኔም አልጠየቅሁህም» አሉ ዶክተሩ። «አሁን ውሰደው። ርቀህ ጣለው። አንተም ተመለስና በዚያ በኩል ቁም፤ አይደለም፣ ከነፋሱ በታች! ልብስህ ሁሉ ፈረስ ነው።»

ባልደራሱ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ እየሮጠ ሄደ። ነርሷ የልጅቷን ፊት፣ አንገትና እጆች በንጹሕ ውሃ አጠበች። ዶክተሩ የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ ካዩ በኋላ አለበሷት። የፊቱን ሸራ አወረዱ፣ የኋላውን ከፈቱ። ከዚያ አንድ እጃቸው ሰዓታቸው ላይ፣ አንድ እጃቸው መርፌው ላይ ሆኖ ጠበቁ። መጀመሪያ ማስነጠሱ ቆመ። ቀጥሎ ፉጨቱ ቀጠነ፤ ነርሷ ጆሮዋን በልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለችው። የአገጯ እብጠት ጠርዙ እየፈዘዘ ሄደ።

«እየከሰመ ነው» አለች።

«እየከሰመ ነው» አሉ ዶክተሩ። አድሬናሊኑን ሳይጠቀሙበት ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «አሁን አረንጓዴውን ስጪኝ።»

ከነፋሱ በታች የቆመው አባት ሰማ። «ጌታዬ፣ አረንጓዴው እኮ ተሰጥቷል! ያንኑ ይደግሙታል?»

«ያንኑ። ጠርሙሱ ያው፣ ልኩ ያው፣ ልጅቷም ያቺው። የተለወጠው ብርድ ልብስህ ብቻ ነው። ካበጠች ጥፋቱ የሴረሙ ነው፣ አቁመን ወደ ቀዶ ሐኪሙ እንሮጣለን። ካላበጠች ጥፋቱ የሱፉ ነው፣ ወደሚቀጥለው ጠርሙስ እንሄዳለን። ትፈቅዳለህ?»

ባልደራሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጁን ከሩቅ አያት። እሷም በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ የጠፋ እጇን ለማውጣት እየታገለች ታየዋለች።

«አባዬ፣ ደሞ አኮረፍክ?»

«አላኮረፍኩም የኔ ፌንጣ» አለ። «ይስጧት፣ ጌታዬ።»

ተሰጣት። የወፍጮው መንኮራኩር ሲዞር ይሰማል። ዶክተሩ አይተው ሲያበቁ አንድ ጊዜ ደገሙና አዩ። ክንዷ ላይ አራተኛ ነጥብ ተጨምሯል። አገጯ ያው እየፈዘዘ ነው። ከደረቷ ፉጨት አይሰማም።

«ሱፉ ነው» አሉ።

ነርሷ ሲባጎውን እንደገና ልታስርለት ክንዱን ስትይዘው ባልደራሱ ጎንበስ ብሎ፣ «እህት ዓለም፣ እኔ ነኝ እንግዲህ ልገላት የነበርኩት» አለ በሹክሹክታ።

«በረዳት ብለህ ነው ያለበስካት። አሁን ደግሞ እኛ ስንልህ ቁም፣ ስንልህ ሂድ።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ መንገድ ሆነ። በሰማያዊው ቆሙ፤ ደህና። በቀዩ ቆሙ፤ መርፌው ያረፈበት ቦታ የምስር ፍሬ ያህል አበጠ፣ ዶክተሩ በጣታቸው ለኩት፣ ጊዜውን እጥፍ ጠበቁ፣ እብጠቱ ባለበት ቀረ፤ ቀጠሉ። ከከተማው መግቢያ ካለው የቀረጥ ኬላ አጠገብ የመጨረሻው ጠርሙስ ክር ተፈታ። ይህኛው ምንም ውሃ ያልገባበት፣ ሙሉው መድኃኒት ነበር። ዶክተሩ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በዝግታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ገፉት። የኬላው ዘበኛ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ እንዳላቸው ሊጠይቅ መጥቶ አንገቱን በሸራው ውስጥ አስገባ፤ ያየውን አየና ራሱን ነቅንቆ መንገዱን የዘጋውን እንጨት አነሣላቸው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቀዶ ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቃል። ጎልማሳ፣ ችኩል ሰው ነው። «የታለች? ቢላዬ ተቀቅሏል።»

«ይቀቀል» አሉ ዶክተሩ ከሠረገላው እየወረዱ። «እዚያው ይቆይ። አንተም ከአጠገቧ አትራቅ። ግን እኔ ሳልነግርህ አትንካት።»

«ሁለተኛ መርፌዋ ነው ብለው ቴሌግራም መትተው አልነበር? ተወጋች? ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ቀዶ ሐኪሙ ልጅቷን፣ ቀጥሎ ዶክተሩን፣ እንደገና ልጅቷን አየ።

ባልደራሱ ፈረሶቹን አስሮ ወደ በሩ ሲመጣ ነርሷ በክንዷ አገደችው። ወደ ጓሮው ቧንቧ ወሰደችውና ሳሙና ሰጠችው። ጢሙን ሳይቀር ታጠበ። የሆስፒታሉን ነጭ ሸሚዝ አለበሱት፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ቀረ። በዚያ ሁኔታ ገብቶ ልጁን አቀፋት። አፍንጫዋን አንገቱ ሥር ቀበረች፤ አላስነጠሳትም።

«ምን ምን ትሸታለህ?» አለች።

«ሳሙና።»

«አይ፣ ሌላ ሰው ትመስላለህ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፌንጣ በኃይል አስላትና ከጉሮሮዋ ግራጫው ሽፋን ተላቆ ወጣ፤ ትንፋሿም ተከፈተ። ነርሷ በመቆንጠጫ አንሥታ በብርጭቆ ላይ ዘረጋችው፤ ዶክተሩ ማስመሪያ አስጠጉበት። ርዝመቱ ሁለት ሴንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር ነበር።